መዳቡ ሄደ፣ ውሃው ቀረ

ቢዩት የምትባል ከተማ አለች። አሜሪካ ውስጥ፣ ሞንታና ክፍለ ግዛት፣ ተራራ ላይ። ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከኮምቦልቻ ብዙም አይራራቅም። ብርዷ ግን ከደሴም ይብሳል፤ ክረምታቸው በረዶ ነው። ሰሞኑን ስለዚች ከተማ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ሊያውቃት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

እንዴት እንደደረስኩባት ላስቀድም። ሥራዬ ኮምቦልቻ ውስጥ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር መጠገን ነው። የወፍጮ ሞተር ይመጣል፣ የውሃ ፓምፕ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከፋብሪካ ትልልቁ ይመጣል። ሞተሩን ትፈታለህ፣ ተቃጥሎ የጠቆረውን ሽቦ በመሮ ቆርጠህ ታወጣለህ፣ በአዲስ መዳብ ትጠቀልላለህ፣ ቫርኒሽ ታጠጣውና ታደርቀዋለህ። አሮጌው መዳብ አይጣልም። ቁራሌው ራሱ እየመጣ በኪሎ ይወስደዋል፣ ዋጋውም ከብረት ጋር አይወዳደርም። ረዳቴ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንድ ከሰዓት እየጠቀለለ «ጋሼ፣ ይሄ መዳብ ግን መጀመሪያ ከየት ነው የሚወጣው?» አለኝ። ከመሬት ነዋ አልኩት። መልሱ ለራሴም አልበቃኝም። ማታ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ እሱ ነው ቢዩት ድረስ የወሰደኝ።

(ስለ አሜሪካ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው በወርቅ ነው። በ1864 ወርቅ ፈላጊዎች ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ሰፈሩባት። ወርቁ ቶሎ ተመናመነ። ከዚያ ብር ተገኘ፣ ትንሽ አነቃቃት። በ1876 ማርከስ ዴሊ የሚባል ሰው መጣ። ከአየርላንድ በልጅነቱ ባዶ እጁን አሜሪካ የገባ፣ የማዕድን ሥራን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተማረ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከባለሀብቶች ጋር ሆኖ አናኮንዳ የሚባለውን ማዕድን ገዛ። የፈለገው ብር ነበር። በ1882 ቁፋሮው እየጠለቀ ሲሄድ ግን ያገኘው መዳብ ነው፣ ያውም ወፍራም ሥር።

ዘመኑን ልብ በሉልኝ። በዚያው በ1882 ነው ኤዲሰን ኒውዮርክ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ያስጀመረው። መብራት ያለ ሽቦ የትም አይደርስም፣ ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው። ስልኩ መጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የከተማ ባቡር መጣ፣ ሞተሩ መጣ፣ ዓለም መዳብ መዳብ አለ። ዴሊ ከቢዩት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዶ ማቅለጫ ተከለ፣ ለማቅለጫው ብሎም አናኮንዳ የምትባል ሌላ ከተማ ቆረቆረ። ቢዩት ደግሞ «በምድር ላይ ሀብታሟ ኮረብታ» የሚል ስም ወጣላት። እኛ ጋ በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ራስ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው አድርገው እያቀኑ ነበር።

ሰው ከዓለም ዙሪያ ጎረፈ። አይሪሽ፣ እንግሊዝ አገር ከኮርንዎል የመጡ ቆፋሪዎች፣ ጣሊያን፣ ፊን፣ ሰርብ፣ ቻይና፣ ሊባኖስ። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ ከተማዋ አትተኛም ነበር ይባላል። ይሄን የኮምቦልቻ ሰው ለማሰብ አይቸግረውም፤ የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ ሰርቪሱ በር ላይ ተሰልፎ፣ ሻይ ቤቱ ገና ሳይነጋ ሞቅ ብሎ እናውቀዋለንና። ማኅበር ማቋቋምም ያውቁ ነበር። የቢዩት ቆፋሪዎች ማኅበር በ1878 ነው የተመሠረተው፣ በአሜሪካ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ነበር።

ጭሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። እዚያ ድንጋይ ውስጥ መዳቡ ብቻውን አይገኝም፣ ድኝ አለበት፣ አርሴኒክ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድንጋዩን ከግንድ ጋር እየከመሩ ሜዳ ላይ ያቃጥሉት ነበር። ክምሩ ለብዙ ቀን ይጤሳል። ነፋስ በሌለበት ቀን ጭሱ ከተማዋ ላይ ይተኛል፣ በጠራራ ቀን የመንገድ መብራት እስኪበራ ድረስ ይጨልማል፣ ደረታቸው የደከመ ሰዎች ይሞታሉ። ዛፍና ሣር ጠፋ። ታዲያ ዊልያም ክላርክ የሚባል ሌላ የመዳብ ባለሀብት፣ የዴሊ ባላንጣ፣ በ1889 የሞንታና ሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ተነስቶ ምን አለ? አርሴኒኩ ለሴቶቻችን የፊት ጥራት ይሰጣቸዋል አለ። በጉባኤ ፊት! ያን ባነበብኩ ጊዜ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ይሄው ሰውዬ በኋላ ሴናተር ለመሆን የምክር ቤት አባላትን በገንዘብ ገዝቷል ተብሎ በ1900 ወንበሩን ለቋል። አሜሪካኖች በ1913 ሴናተሮቻቸው በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ አብረው ከሚነሱት ቅሌቶች አንዱ የሱ ነው።

አሁን ወደ 1909 ዓ.ም. እንምጣ። ለወሎ ሰው 1909 የሰገሌ ዓመት ነው። ንጉሥ ሚካኤል በጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፣ ስንቱ ቤት ሐዘን ገባ። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ማታ፣ በፈረንጁ ጁን 8 ቀን 1917፣ ቢዩት ውስጥ ግራናይት ማውንቴን የሚባለው የማዕድን ጉድጓድ ተቀጣጠለ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ አሜሪካ ገና መግባቷ ነው፣ መዳብ በእጅጉ ይፈለጋል። የእሳቱ መነሻ ነው ያሳዘነኝ። ለእሳት መከላከያ ብለው ትልቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ጉድጓዱ እያወረዱ ነበር። ገመዱ አመለጣቸውና ወደቀ፣ ሽፋኑ ተቦጫጨቀ። የዚያን ጊዜ የገመድ ሽፋን ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። አንድ የሥራ ኃላፊ ገመዱን ሊያይ ወረደ፣ የያዘው የካርባይድ ፋኖስ ጨርቁን ነካ። በቃ። ጉድጓዱ አየር ወደ ታች የሚገባበት ስለነበር ጭሱንና መርዘኛውን ጋዝ ይዞ በየዋሻው አሰራጨው። 168 ሰው አለቀ። አብዛኛውን የገደለው ጋዙ ነው። በሕግ መሹለኪያ ሊኖራቸው የሚገባ የሲሚንቶ ግድግዳዎች መሹለኪያ ሳይተውላቸው ተደፍነው ስለነበር መውጫ ያጡ አሉ።

ከነዚያ ሰዎች መሀል ማነስ ዱጋን የሚባል አንድ ወጣት አለ። ጋዙ ሲመጣባቸው ጓደኞቹን ሰብስቦ መጨረሻ የሌለው ዋሻ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በእንጨት፣ በአፈርና በለበሱት ልብስ በሩን ደፈኑት፣ ራቁታቸውን እስኪቀሩ ድረስ። ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ አየሩ ሊያልቅ ሲል ወጡ። 25 ሰው ተረፈ። ዱጋን ግን አልወጣም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። በዚያ ቁጣ አድማ ተነሳ። አድማውን ለማገዝ የመጣው ፍራንክ ሊትል የሚባል የሠራተኞች አደራጅ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በፈረንጁ፣ ሌሊት ከተኛበት ተወስዶ ድልድይ ላይ ተሰቀለ። የሰቀሉት ሰዎች ለፍርድ አልቀረቡም።

ውድቀቷ ባንድ ቀን አልመጣም። የአናኮንዳ ኩባንያ በ1923 ቺሊ ውስጥ ቹኪካማታ የሚባለውን ግዙፍ ማዕድን ገዛ፤ እዚያ መዳቡ ከላይ ከላይ የሚዛቅ ነው። ቢዩት ላይ ደግሞ ምርጥ ምርጡ ሥር እየተሟጠጠ ሄደ። በ1955 ኩባንያው ዋሻ ለዋሻ መሄዱን ቀነስ አድርጎ ኮረብታውን ከላይ መናድ ጀመረ። በርክሊ ፒት ይሉታል፣ ሰፊ ክፍት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ሲሰፋ ሰፈር በላ። ሚደርቪል የሚባለው የጣሊያኖች ሰፈር፣ ምግብ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የአትክልት ቦታው ሁሉ ሄደ። ማክዊን የሚባለውም ተከተለ። ራሱ ክላርክ ለሕዝብ ያሠራው ኮሎምቢያ ጋርደንስ የሚባል የመዝናኛ ቦታ ነበራቸው፣ የከተማዋ ልጅ ሁሉ ፈረሰኛ ዥዋዥዌ ላይ ያደገበት። እሱም በ1973 ለቁፋሮ ተብሎ ተዘጋ። ሰዎቹ ይሄን ሁሉ ዝም ብለው አዩ ማለት አይደለም። ግን እንጀራቸው ከዚያው ጉድጓድ ነው። ባልየው የሚሠራበት ኤስካቫተር የራሱን ሰፈር እየቆፈረ ደሞዝ ያመጣል። ምን ይበል?

በ1971 ቺሊ ማዕድኗን ወረሰች፣ ኩባንያው ክፉኛ ተጎዳ። በ1977 አርኮ የሚባል የነዳጅ ኩባንያ ገዛው። በ1980 የአናኮንዳ ማቅለጫ ተዘጋ። በ1982 በጥልቁ ዋሻ ውስጥ ውሃውን ሲስቡ የኖሩት ፓምፖች ጠፉ። በ1920 ቆጠራ ቢዩት ያለችበት ካውንቲ ከ60,000 በላይ ሰው ነበረው፣ ዛሬ 35,000 አካባቢ ነው።

ፓምፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሥራዬም ስለሆነ። ዋሻ ሲቆፈር ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ትወርዳለህ። ውሃው ሁልጊዜ መግባት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሌት ተቀን መሳብ አለብህ። ፓምፑን ያጠፋህ ዕለት ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ሲመለስ ንጹሕ ሆኖ አለመመለሱ ነው። ድኝ ያለበት ድንጋይ መቶ ዓመት አየር ሲያገኝ ኖሯል። አየርና ውሃ ሲገናኙበት አሲድ ይወጣዋል፣ አሲዱ ደግሞ መዳቡን፣ ዚንኩን፣ አርሴኒኩን፣ ካድሚየሙን ያሟሟል። የባትሪ ውሃ የነካው ሰው ይገባዋል። ያ ውሃ ቀስ በቀስ ዋሻውን ሞላ፣ ከዚያ 540 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውን ክፍት ጉድጓድ ይሞላ ጀመር። አሁን ሐይቅ ነው።

በኅዳር 1995 የሚሰደዱ ነጭ ዝይዎች ሐይቅ መስሏቸው አረፉበት። 342 ሬሳ ተቆጠረ። በ2016 መጨረሻ ደግሞ በበረዶ ውሽንፍር ጊዜ እጅግ ብዙ ሆነው አርፈው ከ3,000 በላይ ሞቱ። አሁን ወፍ ሲመጣ በተኩስና በድሮን የሚያባርር ሰው ተመድቧል።

ከዚህ ሁሉ በጣም የደነቀኝን ልንገራችሁ። የቢዩት ሰዎች ያንን መዳብ ያዘለ ውሃ ቁርጥራጭ ብረትና የቆርቆሮ ጣሳ ላይ ያፈሱት ነበር። ብረቱ ይሟሟል፣ መዳቡ በቦታው ይቀመጣል። አሮጌ ጣሳ አስገብተህ መዳብ ታወጣለህ ማለት ነው! ለረዳቴ ሳነብለት ቁራሌዎቹ ይህን ቢያውቁ ብሎ ሳቀ።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሁሉንም ተረክኩላቸው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ዝይዎቹም ስለ እሳቱም አልጠየቁም። «እሺ ልጄ፣ ኩባንያው ከሄደ በኋላ ፓምፑን የሚያዞረው ማነው? መብራቱንስ ማን ይከፍላል?» አሉኝ።

የፋብሪካ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ይሄው። አሜሪካ በ1980 መጨረሻ ሱፐርፈንድ የሚባል ሕግ አወጣች። መሬትና ውሃ የመረዘ ድርጅት፣ ወይም ያን ድርጅት የገዛ፣ ድሮ ለተሠራውም ጭምር ማጽጃውን ይከፍላል ይላል። አርኮ አናኮንዳን የገዛው ከሕጉ ሦስት ዓመት በፊት ነበር። ከንብረቱ ጋር ዕዳውንም ወረሰ። በ2000 አርኮን ቢፒ የሚባለው የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ ሲገዛው ዕዳው አብሮ ሄደ። ዛሬ ውሃው ወደ ከተማዋ ወንዝ ከመድረሱ በፊት እየተሳበ ይጣራል፤ ከ2019 ጀምሮ ከጉድጓዱ የተጣራ ውሃ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ይሄ ሥራ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ፓምፑ ከቆመ ውሃው ይወጣል። ጡረተኛው ይሄን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «ሕጉ ባይኖርስ?» አሉ።

እኔም የምጽፈው ለዚሁ ጥያቄ ስል ነው። ከቢዩት በታች ያለው ወንዝ መርዙን ይዞ ወርዷል። በ1908 ትልቅ ጎርፍ መጥቶ የማዕድኑን አተላ ጠራርጎ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ርቀት ሚልታውን ግድብ ድረስ ወሰደው። በ1981 ሚልታውን ያሉ ሰዎች የጉድጓድ ውሃቸው ውስጥ አርሴኒክ ተገኘ። ከመዳቡ ደሞዝ አንድ ሳንቲም ያልቆረጡ ሰዎች ናቸው። ግድቡ በ2008 ፈርሶ አተላው እንዲወገድ ተደርጓል።

የኛ ወንዝ ቦርከና ነው። ከደሴ ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጨፋ ይወርዳል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። ጨፋ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። ለኛ የሚመጣው የመስኖ ፓምፕ ብዙው ከዚያ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። እኔም እንጀራዬ ከፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካ አይምጣ የሚል ሰው ከኔ ጋር አይስማማም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከደሞዛቸው ለእናታቸው ሲልኩ አይቻለሁ። ከዚያ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ፣ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ያየነውን አየን። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፣ ያለ ቀረጥ ይላክ የነበረው ልብስ ገበያው ተዘጋበት። ቺሊ ላይ የተወሰነ ነገር ቢዩት ላይ ጉድጓድ እንደዘጋ ሁሉ፣ ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት እዚህ የአንዲት ልጅ የቤት ኪራይ ላይ ደረሰ። ሼዱ ሊዘጋም ሊከፈትም ይችላል። ቦርከና ግን ያኔም ይወርዳል።

ተመራማሪዎች ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና ከሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ውሃ ወስደው ክሮሚየም፣ ዚንክ፣ እርሳስ ለክተዋል፣ ጥናቱም ታትሟል። ኮምቦልቻ ቢዩት ናት እያልኩ አይደለም፣ የማዕድንና የጨርቅ ነገር አንድ አይደለም፣ መጠኑም አይገናኝም። ግን ቢዩት ውስጥ አንድ የምቀናበት ነገር አለ። ከ1900 ጀምሮ የማዕድን ትምህርት ቤት አላቸው፣ ዛሬ ሞንታና ቴክ ይባላል። እዚያው ያለ መሥሪያ ቤት የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ በየጊዜው እየለካ ለሕዝብ ያወጣል። ውሃው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የቢዩት ሰው መልስ ያገኛል። ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ አንድሪያና ዶናልድ ስቲርል፣ በዚያ አሲድ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አግኝተው ለመድኃኒት ይሆኑ እንደሆነ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሥራ የፈቱ ብየዳ ሠራተኞችና ሹፌሮችም በነጻ ጉልበታቸው 27 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የእመቤታችን ሐውልት በ1985 ተራራው ጫፍ ላይ አቁመዋል። ከተማዋ አልሞተችም። አንድ ማዕድንም ከ1986 ጀምሮ በሌላ ኩባንያ ይሠራል።

እና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ በተለይ ኮምቦልቻ ካምፓስ ያላችሁ፣ ልለምናችሁ። ከቦርከና ድልድይ ሥር በየወሩ ውሃ ቀድቶ መለካት፣ ውጤቱን በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ከሚሴና ጨፋ ድረስ መለጠፍ ይቻላል? ከዚህ በፊት የጀመረው ካለ ንገሩኝ። ውጤቱ የት እንደሚገኝ የምታውቁም ጻፉልኝ። ፓምፕ ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ሲጠይቁኝ የማሳያቸው ወረቀት እፈልጋለሁ።